ፋይሉ ተርፎ ሰርቨሩ ሲቀር፦ የአዳማ ድርጅቶች ባክአፕ ያልሸፈነው ክፍል

አዳማ ውስጥ ሰርቨር ያለውን አንድ መካከለኛ ድርጅት፣ አከፋፋይም ይሁን ክሊኒክ፣ ሆቴልም ይሁን የግል ኮሌጅ፣ «ባክአፕ አላችሁ ወይ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አለን» የሚል ነው። መልሱም ሐሰት አይደለም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ዓርብ ዓርብ የፒችትሪውን (የሂሳብ ፕሮግራሙን) ቅጂ በፍላሽ ትይዛለች፤ የሽያጩ ዳታቤዝ ማታ ማታ ወደ ሌላ ፎልደር ይገለበጣል፤ ከሥራ አስኪያጁ መሳቢያም አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አይጠፋም። ጥያቄው ጥቂት ተለውጦ «ይህ ሰርቨር ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቢቃጠል፣ በየትኛው ማሽን ላይ፣ በማን እጅ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ሥራ ይጀምራል?» ሲባል ግን መልስ ያለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ሰርቨር ውስጥ ያለውን ነገር ለሁለት ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኛው ዳታው ነው፤ ደረሰኙ፣ የታካሚው ካርድ፣ የተማሪው ውጤት፣ የደመወዝ መዝገቡ። ሁለተኛው ያ ዳታ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስ የሚያደርገው ሁሉ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና የተጫኑበት አፕዴቶች፣ የሃርድዌሩ ድራይቨሮች፣ የተጠቃሚዎች አካውንት፣ ማን የትኛውን ፎልደር መክፈት እንደሚችል የሚወስነው ፈቃድ፣ የኔትወርክ አድራሻው፣ ማታ ማታ በራሳቸው የሚነሡ ሥራዎች፣ የዳታቤዝ ሞተሩ፣ የፕሮግራሞቹ የፈቃድ ቁጥሮች። ዳታው በየቀኑ ስለሚነካ ባለቤት አለው። ሁለተኛው ክፍል ግን በዓመታት ውስጥ፣ በተፈራረቁ ባለሙያዎች እጅ፣ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ነገር እየተጨመረበት የተከማቸ ሲሆን አብዛኛው የትም ቦታ አልተጻፈም። ሰርቨሩ እስከሠራ ድረስ የሚያስታውሰውም የለም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ስምንት ኮምፒውተሮችና አንድ ሰርቨር ያለው አንድ የሸቀጥ አከፋፋይ በጥቅምት ወር፣ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሂሳባቸውን እስከ ጥቅምት 30 ለማስገባት በሚጣደፉበት ሰሞን፣ የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ሞተበት እንበል። የፒችትሪው ባክአፕ ካዝና ውስጥ በደህና ተቀምጧል። አዲስ ማሽን ተገዛ፣ ዊንዶውስ ተጫነ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያስቸግረው። ባክአፑ የተያዘበት የፒችትሪ እትም የትኛው ዓመት እንደነበር የሚያውቅ ሰው መገኘት አለበት፤ በአዲሱ እትም የተያዘ ቅጂ በአሮጌው አይከፈትምና። የመጫኛው ሲዲ ከቀድሞው የአይቲ ባለሙያ ጋር ሄዷል፤ የፈቃድ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀትም የለም። እነዚህ ቢገኙ እንኳ የስምንቱ ኮምፒውተሮች ማዋቀሪያ ፋይሎች አሁንም የሚጠሩት የሞተውን ሰርቨር ስምና የፎልደር መንገድ ነው፤ አዲሱ ማሽን ያንኑ ስም ካልያዘ፣ ፎልደሩም በዚያው መንገድ ሼር ካልተደረገ፣ ፋየርዎሉም (የኔትወርክ ግንኙነትን የሚፈቅደውና የሚከለክለው ጠባቂ ፕሮግራም) የዳታቤዝ ሞተሩን ካላሳለፈ፣ እያንዳንዱ ማሽን የስህተት መልእክት እያሳየ ይቆማል። ዳታውን መመለስ በራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነበር፤ ቀናት የሚበላው በዙሪያው ያለው ነው። ጤፍ ሞልቶ ምጣድ የተሰበረበት ቤት እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ ይህም ድርጅት ሙሉ ዳታ ይዞ ደረሰኝ መቁረጥ ያቅተዋል።

ይህ የትናንሽ ድርጅቶች ድክመት ብቻ አይደለም። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ማርስክን ሲመታ፣ ኩባንያው የአብዛኞቹን ሰርቨሮቹን ዳታ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያልበለጠ ቅጂ ይዞ ነበር። ያልነበረው የዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ቅጂ ነው፤ ማለትም ተጠቃሚው ማን እንደሆነና ምን ማድረግ እንደሚፈቀድለት ለመላው ኔትወርክ የሚናገሩት ማሽኖች። ወደ 150 የሚጠጉት እነዚህ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው ቅጂ ስለሚለዋወጡ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታምኖ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ኩባንያውን ያዳነው ጋና የነበረ አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ነው፤ ጥቃቱ ሲደርስ በአካባቢው መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ከኔትወርክ ውጭ ስለነበረ ሳይነካ ቀረ። የጋናው ቢሮ የኢንተርኔት መስመር ቀጭን ስለነበር ያንን ዳታ ወደ እንግሊዝ መላክ ቀናት ሊወስድ ሆነ፤ በመጨረሻም ሃርድ ዲስኩ በሰው እጅ፣ በናይጄሪያ በኩል ተቀባብሎ በአውሮፕላን ተጓጓዘ። የኩባንያው ሊቀመንበር በኋላ እንደተናገሩት 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተጭነዋል። ዳታው ቢኖርም የሰርቨሮቹን ማንነት የሚይዘው ክፍል ባለመኖሩ የዓለም ግዙፉ የኮንቴይነር አጓጓዥ በአንድ የመብራት መጥፋት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

እኛ ጋ መብራት መጥፋት እንዲህ ያለ ውለታ አይውልም። ከአዳማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ቢኖራቸውም፣ ከተማው ውስጥ ላለ ቢሮ መብራት ሄዶ መምጣቱ የዕለት ነገር ነው። በድንገት የጠፋ ሰርቨር በዚያች ቅጽበት ዲስኩ ላይ ይጽፍ የነበረውን ሳይጨርስ ይተዋል። የዛሬ ዘመን የፋይል ሲስተሞች (ፋይል ዲስክ ላይ የሚደራጅባቸው አሠራሮች)፣ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስም ሆነ የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4፣ ጆርናል፣ ማለትም ሊጽፉ ያሰቡትን ለውጥ አስቀድመው የሚመዘግቡበት ማስታወሻ፣ ስለሚይዙ ብዙውን ጊዜ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ነገር ግን ጆርናሉ የሚጠብቀው በዋናነት የፋይል ሲስተሙን አወቃቀር እንጂ በፋይሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መረጃ አይደለም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አለን የሚሉትም ቢሆኑ የሙቀቱን ጉዳይ ቢያስቡበት ጥሩ ነው። የዩፒኤስ የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ማቀዝቀዣ በሌለው የአዳማ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከሰርቨሩ ጀርባ ተወሽቆ የተቀመጠ ዩፒኤስ በሦስተኛው ዓመት ከመጮህ በቀር ብዙ ላይጠቅም ይችላል።

ወደ ባክአፑ እንመለስ። ኦፕሬቲንግ ሲስተምን የሚመለከት ባክአፕ በጥቅሉ በሁለት ደረጃ ይያዛል። የመጀመሪያው ሲስተም ስቴት የሚባለው ነው፤ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሬጅስትሪውን (የዊንዶውስን የማዋቀሪያ መዝገብ)፣ የማስነሻ ፋይሎቹንና ማሽኑ ዶሜይን ኮንትሮለር ከሆነ አክቲቭ ዳይሬክተሪውን (የተጠቃሚዎችና የፈቃዶች መዝገቡን) ይይዛል። ሁለተኛው መላው ማሽን በባዶ ሃርድዌር ላይ ተመልሶ እንዲቆም የሚያስችለው ሙሉ ምስል ነው። ለዊንዶውስ ሰርቨር ይህን የሚሠራው መሣሪያ ከራሱ ከሲስተሙ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል፤ ለሊኑክስ ሪላክስ ኤንድ ሪከቨር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከማስነሻ ዲስክ ጋር የዲስኩን አከፋፈል ጭምር መልሶ ይሠራል፤ ማሽኑን አጥፍቶ ሙሉ ዲስኩን መገልበጥ ለሚችል ደግሞ ክሎንዚላ አለ። ስለዚህ ዋናው እንቅፋት የገንዘብ አይደለም።

እንቅፋቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ መርሐ ግብር ሲዘጋጅ ማንም ካልቀየረው የሚነሣበት ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9፡00፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከተማችን ውስጥ ግን ቢሮውን የሚዘጋው ሰው በ11 ሰዓት ተኩል ቆጣሪውን አጥፍቶ የሚሄድባቸው ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም፤ «እሳት እንዳይነሣ» ይባላል፤ ምክንያቱም በራሱ ስህተት አይደለም። ውጤቱ ግን መርሐ ግብር የወጣለት፣ ዲስክ የተሰካለት፣ ሆኖም ማሽኑ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ስለሚያድር አንድም ቀን ያልሠራ ባክአፕ ነው። ለዚሁ ሥራ የተመደበው ዲስክ ደግሞ ሲስተሙ ለራሱ ስለሚይዘው በማይ ኮምፒውተር ውስጥ አይታይም፤ ስለዚህ «ባዶ ነው ወይስ ሞልቷል?» ብሎ በዓይን የሚያረጋግጥ ሰው የለም። ሰዓቱን ወደ ምሳ ዕረፍት ማዛወር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ስለ ሙሉ ምስል መመለስ የተጻፉት አብዛኞቹ መመሪያዎች በሌላ ከተማ፣ በሌላ ገበያ የተጻፉ ናቸው። ዲስኩ ወይም ቦርዱ ሲሞት አምራቹ ያንኑ ዓይነት ዕቃ በአራት ሰዓት ወይም በማግሥቱ የሚያደርስበትን ውል ታሳቢ ያደርጋሉ። አዳማ ውስጥ ያለ ድርጅት ግን የሰርቨር ዕቃ ሲበላሽበት መጀመሪያ አዲስ አበባ ያፈላልጋል፤ ካጣ ከውጭ ያስመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋው ስለናረ ሁለተኛ ሰርቨር ገዝቶ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ጥቂት ነው። በተግባር የሚሆነው ይህ ነው፦ ሰርቨሩ የሚነሣው ከሱቅ በተገዛ ዴስክቶፕ ላይ ወይም ከሂሳብ ክፍል በተነሣ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ የመመለሻ ዕቅድ መሠራት ያለበት በዚያ ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ በካታሎግ ላይ ባለው ሰርቨር አይደለም።

ልዩነቱ በጣም ብዙ ነው። የሰርቨሩ ዲስኮች በሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ በሚያሠራ ካርድ) ሥር ነበሩ፤ ዴስክቶፑ ያ ካርድ የለውም። ምስሉ ተመልሶ ማሽኑ ሲነሣ የዊንዶውስ ምልክት ጥቂት ይሽከረከርና ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ሲስተሙ ራሱ የተጫነበትን ዲስክ የሚያናግርበት ድራይቨር አጥቷል ማለት ነው። አሮጌው ማሽን በቀድሞው የማስነሻ ሥርዓት በባዮስ የሚነሣ፣ አዲሱ ደግሞ ተተኪውን ዩኢኤፍአይን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ምስሉ እንዳለ አይነሣም። የዊንዶውሱ መሣሪያ አዲሱ ዲስክ ቢያንስ የድሮውን ያህል ስፋት እንዲኖረው ስለሚጠይቅ፣ ከ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ 80 ጊጋባይት ብቻ ተይዞ ቢሆን እንኳ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ አልመለስም ይላል። በሊኑክስ በኩል ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የማስነሻው ምስል (ሊኑክስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጭነው ትንሽ ፋይል) ለድሮው ሃርድዌር ብቻ ተቀንሶ የተሠራ ከሆነ አዲሱን የዲስክ መቆጣጠሪያ አያገኝም፤ ዲስኮች በመለያ ቁጥር የተመዘገቡበት ኤፍኤስታብ ፋይል የሌለ ዲስክ ሲፈልግ ማሽኑ በድንገተኛ ሞድ ላይ ይቆማል፤ የኔትወርክ ካርዱ ስም ስለሚቀየር ደግሞ ማሽኑ በሰላም ተነሥቶም አድራሻ አይኖረውም። እያንዳንዱ ችግር መፍትሔ አለው፤ ነገር ግን መፍትሔውን በተረጋጋ ቅዳሜ መፈለግና ደንበኛ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» እየተባለ መፈለግ ለየቅል ናቸው።

በእኔ ግምገማ ለእንዲህ ዓይነቱ ገበያ የሚስማማው ቀዳሚ እርምጃ ሰርቨሩን ገና በጤናው ሳለ ወደ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ወደሚሠራ ማሽን፣ መለወጥ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የማይክሮሶፍት ሃይፐር ቪ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ አለ፤ ፕሮክስሞክስ ደግሞ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተና ያለ ክፍያ መጠቀም የሚቻል ነው። ቨርቹዋል የሆነ ሰርቨር የሚያየው እውነተኛውን ካርድና ቦርድ ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ የማስመሰያ ሃርድዌር ስለሆነ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው የድራይቨርና የማስነሻ ጣጣዎች አብዛኞቹ ይቀራሉ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ፈቃዶቹ፣ የኔትወርክ ስሙ፣ ፒችትሪውም ጭምር ጥቂት ትላልቅ ፋይሎች ይሆናሉ፤ ሜሞሪው እስከበቃ ድረስ ያው ሶፍትዌር በተጫነበት ዴስክቶፕ ላይ ሳይቀር ይነሣሉ። የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ፈቃድም በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ቨርቹዋል ሰርቨሮችን ይፈቅዳል። ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ አስተናጋጁ ማሽን ሲወድቅ በላዩ ያሉት ሁሉ አብረውት ይወድቃሉ። በቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚያዝ ስናፕሾትም (የማሽኑ የአንድ ቅጽበት ሁኔታ) ባክአፕ መስሎ የሚያዘናጋ ነገር ነው፤ ከዋናው ፋይል ጋር በዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ለሬይድም ያው ነው፤ ከአንድ ዲስክ ሞት ያድናል እንጂ በስህተት ከተሰረዘ ፋይል አያድንም።

ዶሜይን ኮንትሮለር ያላቸው ድርጅቶች ደግሞ ለብቻው የሚያሳስብ ጉዳይ አለባቸው። አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተሰረዙ ነገሮችን መዝገብ በመደበኛው አሠራር ለ180 ቀን ይይዛል፤ ከዚያ የቆየ ባክአፕ ሊመለስ አይገባም፤ ምክንያቱም የተሰረዙ አካውንቶች ሞተው እንደተነሡ ሆነው ከሌሎቹ ኮንትሮለሮች ጋር ይጋጫሉ። ባክአፑን ለመመለስ ማሽኑን በልዩ የመመለሻ ሞድ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ያ ሞድ የራሱ የይለፍ ቃል ያለው ሲሆን ይህም የተሰጠው ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲዋቀር ነው። ያንን የይለፍ ቃል ዛሬ የሚያውቀው ማን ነው? ቢረሳ ሰርቨሩ በሕይወት ሳለ በአንድ ትእዛዝ መቀየር ይቻላል፤ ከሞተ በኋላ ግን መውጫው ጠባብ ነው።

ባክአፕ ተይዞ ያለመፈተኑ ጣጣ የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ አገልግሎት በሚሰጠው ኩባንያ በጊትላብ ላይ የደረሰውን ያህል በግልጽ የተመዘገበበት ቦታ ጥቂት ነው። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. የኩባንያው ባለሙያ የሁለተኛውን ዳታቤዝ ሰርቨር ፎልደር የሚያጠፋ መስሎት የዋናውን አጠፋ፤ ትእዛዙን ሲያስቆም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ወደ ባክአፖቹ ሲዞሩ በየቀኑ ይወጣ ነበር የተባለው ቅጂ የለም፤ ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም እትም ከዳታቤዙ እትም ጋር ባለመጣጣሙ ሥራው በየዕለቱ ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ ይደረግ ስለነበር ማንም አላየውም። በመጨረሻ የተገኘው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ የያዘው ስናፕሾት ነው። ጊትላብ የደረሰበትን አንድም ሳይደብቅ ለሕዝብ በማውጣቱ ነው ዛሬ ይህን የምናውቀው፤ በየከተማው ስንት ተመሳሳይ ታሪክ «ቫይረስ ነው» ተብሎ እንደታለፈ መገመት አያዳግትም።

ቅጂውን የት እናስቀምጥ የሚለው ጥያቄ በመስከረም 2018 ዓ.ም. እንደ አዲስ ተነሥቷል። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል የዩፒኤስ ባትሪዎች ሲዛወሩ እሳት ተነሥቶ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ፋይሎቻቸውን ያኖሩበት የነበረው ጂ ድራይቭ የተባለው ማከማቻ ከነ858 ቴራባይት መረጃው ወደመ። ውጫዊ ባክአፕ አልነበረውም፤ የተሰጠው ምክንያት መጠኑ በጣም ትልቅ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀደም መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ስትራስቡርግ የሚገኘው የፈረንሳዩ የሰርቨር አከራይ ኩባንያ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ባክአፓቸው በዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ላይ አጥተዋል። ለአዳማ ሰው ከእሳት በተጨማሪ ሌላም አለ፤ ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥም ገና አልተረሳም።

ቅጂውን በኢንተርኔት ወደ ውጭ እንላከው ቢባል ስሌቱን አስቀድሞ መሥራት ያሻል። 500 ጊጋባይት የሚሆን የሰርቨር ምስል፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ፣ አንዴም ሳይቋረጥ ቢሄድ 111 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከአራት ቀን ተኩል በላይ ማለት ነው። መመለሱም እንደ መስመሩ የመቀበያ ፍጥነት ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ያኔ ግን ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ያው ምስል በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚጽፍ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ በሰዓት ተኩል ውስጥ ይገለበጣል፤ ዲስኩ በቦርሳ ተይዞ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ስለዚህ ትልቁ ምስል በወር አንዴ በሰው እጅ ይሂድ፤ በየቀኑ የሚለወጠው ጥቂት ዳታ በኢንተርኔት ይሂድ። ማርስክም በችግሩ ቀን የደረሰው እዚሁ መፍትሔ ላይ ነው። ተጓዡ ዲስክ ግን በይለፍ ቃል መመስጠር አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ አካል ያንን መረጃ የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት፣ የታካሚዎችን ካርድ የያዘ ክፍት ሃርድ ዲስክ በሚኒባስ ላይ መርሳት እንደ ተራ መዘንጋት አይታለፍም።

የመመስጠሪያው ቁልፍ የት እንደሚቀመጥም አብሮ ይታሰብ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ ያወጣው የተበላሸ አፕዴት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን እንዳይነሡ ሲያደርግ፣ ጥገናው አንዲትን ፋይል መሰረዝ ብቻ ነበር። ሆኖም ዲስካቸው በቢትሎከር የተመሰጠረ ማሽኖች ረጅሙን የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቁ ነበር፤ ቁጥሮቹን የያዘው ሰርቨር ራሱ ያልተነሣባቸውም ነበሩ። የሰርቨሩ የይለፍ ቃሎች ዝርዝር በዚያው ሰርቨር ላይ በኤክሴል ፋይል ተቀምጦ ከሆነ ሁኔታው አንድ ነው። ወረቀት ላይ ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ካዝና ውስጥ መቀመጥ ያለበት ይህ ነው።

ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁትን አጥቂዎች በተመለከተ ብዙ ስለተባለ አጭር ልበል። እነዚህ ወገኖች ሰርቨሩ ውስጥ ሲገቡ አስቀድመው የሚያጠፉት ዊንዶውስ በራሱ ዲስክ ላይ የሚይዛቸውን የቀድሞ ፋይሎች ቅጂዎች (ጥላ ቅጂ የሚባሉትን) ነው፤ ሳይነቀል የሚኖር ኤክስተርናል ዲስክም ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። ሁለት ዲስኮችን እያፈራረቁ አንደኛውን ሁልጊዜ ነቅሎ ማቆየት ይህንን ያስቀራል። ከርቀት ለመሥራት ተብሎ ለኢንተርኔት በቀጥታ የተከፈተ የሪሞት ዴስክቶፕ በር ደግሞ ዛሬውኑ ይዘጋ።

ከዚህ ይልቅ ብዙም የማይወራው የአሮጌ ሲስተሞች ጉዳይ ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር 2012 የተራዘመ ድጋፍ መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የ2016ቱ እትም ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። የሊኑክስ ዓይነት የሆነው የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ የጥቅሎቹ (የፕሮግራም ፋይሎቹ) ማውረጃ አድራሻዎች ተዘግተው ፋይሎቹ ወደ ቤተ መዛግብት ተዛውረዋል፤ ስለዚህ አሮጌ ሰርቨሩን ከባዶ ልጫነው የሚል ሰው የቀድሞው የመጫኛ ትእዛዝ እንደማይሠራለት የሚያውቀው በችግሩ ቀን ነው። የመጫኛውን ፋይል፣ ድራይቨሮቹንና የፕሮግራሞቹን ጫኚዎች ከባክአፑ ጋር በአንድ ዲስክ ማስቀመጥ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ይወስዳል። በተሰበረ ፈቃድ የሚሠሩ ሲስተሞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ አክቲቬት ለማድረግ የተጫነው መሣሪያ ራሱ በር ከፋች ሊሆን ስለሚችል ምስሉ ሲመለስ ችግሩም አብሮ ይመለሳል። ፈቃድ ገዝቶ መጠቀም ለሁሉም እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ለፋይል ማጋሪያና ለመሳሰሉት ሥራዎች ግን ሊኑክስ በነፃ አለ።

ይህን ሁሉ የሚያከናውነው ማን ነው? አብዛኛው የአዳማ ድርጅት ቋሚ የአይቲ ሠራተኛ የለውም፤ ሲበላሽ በስልክ የሚጠራ ባለሙያ አለው፤ ክፍያውም በጉብኝት ነው። በዚህ አሠራር ባለሙያው የሚከፈለው ሲበላሽ እንጂ ሲፈተሽ ስላልሆነ፣ ሙከራ የሚሠራበት ምክንያት የለውም። ውሉን መለወጥ ይቻላል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜና በግንቦት ሌላ ቅዳሜ፣ የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት፣ ባለሙያው የመጨረሻውን ምስል ሰርቨር ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ፣ ከዋናው ኔትወርክ ተነጥሎ ይመልስ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ራሷ ገብታ ያለፈውን ሳምንት ደረሰኝ ትክፈት፤ ከተከፈተላት የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙበት፤ ክፍያውም ለዚያች ፊርማ ይሁን። ካልተከፈተላት ምክንያቱ በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ቀጣዩ ሙከራም ስድስት ወር ሳይጠብቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገም።